አንድ ስኒ ውሃ ከዋጫ አየር

የእህቴ ልጅ ካፋ ውስጥ ባለችው ዋጫ ከተማ ጎሚስታ ቤት ከፍቷል። ቤቱ ከቦንጋ ወደ ሚዛን በሚወስደው መንገድ ዳር የቆመ አንድ የቆርቆሮ ክፍል ነው። ሥራውን ሲጀምር የነበረው ንብረት አንድ የእጅ ፓምፕ፣ ሁለት የጎማ መፈልቀቂያ ብረት፣ ቀዳዳ የሚፈልግበት የውሃ ሳፋና የራሱ ክንድ ብቻ ነበር። ባለፈው ጥቅምት ደወለልኝ።

«ጋሼ» አለኝ፣ «የሞተር ሳይክሉን ጎማስ እችለዋለሁ። ባጃጆቹ ተከታትለው ሲመጡ ግን ከሰዓት በኋላ ወገቤ አይታዘዘኝም። የቤት ኮምፕሬሰር ግዛልኝ፤ ትንሿን። ገንዘቡን አጠራቅሜያለሁ።»

ገንዘቡ በማግስቱ ደረሰኝ። የሰው ላብ በአደራ እጅ ላይ ሲገባ እንቅልፍ ይነሳል። እኔ መካኒክ አይደለሁም። የማውቀው ሥራ ማንበብ ነው፤ እሱም ሌላው ሰው ገልጦ የሚያልፈውን ዓይነት ንባብ። የመድኃኒት ካርቶን ውስጥ የታጠፈውን ወረቀት፣ የአሮጌ ማሽን መመሪያ፣ ከመንገድ ዳር መጽሐፍ ሻጭ የሚገኝ ሽፋኑ የተገነጠለ የተጓዦች ታሪክ አልፎ መሄድ አልችልም። እስከዚያ ቀን ድረስ ይህን ልማዴን የትርፍ ጊዜ ማሳለፊያ አድርጌ ነበር የማየው። የዋጫው ጉዞ ግን ሌላ ነገር አስተማረኝ።

መርካቶ ስለ ዕቃ የምታስተምር ትልቅ ትምህርት ቤት ናት። አዲስ ማሽን ወደሚሸጡት ሱቆች ከመሄዴ በፊት ምናለሽ ተራ ገባሁ። አሮጌ ብረት ሁለተኛ ሕይወት የሚያገኘው እዚያ ስለሆነ፣ የትኛው ማሽን በምን እንደሞተም የሚታየው እዚያው ነው። አንድ ሸምገል ያሉ ብረት ሠሪ የኮምፕሬሰር ታንክ ለሁለት ሰንጥቀው ምድጃ ሊያደርጉት ሲዘጋጁ አገኘኋቸው። ውስጡን አሳዩኝ። የላይኛው ግማሽ ደህና ነው፤ የታችኛው ግን እንደ ወንፊት ሳስቷል።

«ውሃ ነው የበላው» አሉኝ።

«አየር ብቻ በሚገባበት ዕቃ ውስጥ ውሃ ከየት መጣ?»

«ከአየሩ ነዋ፣ ልጄ።»

ይህችን መልስ በማስታወሻዬ ላይ ጽፌ ወደ አዲሶቹ ሱቆች ተሻገርኩ። ሻጩ መጀመሪያ የጠየቀኝ «ስንት ሊትር?» ብሎ ነው። ገዢም የሚጠይቀው ይህንኑ ነው፦ 24፣ 50፣ 100 ሊትር። ታንክ ግን ጎተራ ነው፤ ጎተራ ደግሞ እህል አያበቅልም። አየሩን የሚያመርተው ፓምፑ ስለሆነ፣ መታየት ያለበት በደቂቃ ስንት ሊትር አየር እንደሚሰጥ ነው። ማሽኑ ጎን ላይ የተለጠፈችው ትንሽ ሰሌዳ ይህን ትናገራለች። እኔ ያነበብኳት 2 የፈረስ ጉልበት ወይም 1.5 ኪሎ ዋት፣ 220 ቮልት፣ 8 ባር፣ በደቂቃ 200 ሊትር ትላለች። 8 ባር በጎሚስታ ቋንቋ 116 ፒኤስአይ መሆኑ ነው። የሞተር ሳይክልና የባጃጅ ጎማ ከ30 ብዙም ስለማይርቅ ግፊቱ ይተርፋል። ጥያቄው ያለው ከ200 ሊትሩ ላይ ነው። ይህ ቁጥር በአብዛኛው ፒስተኑ ወደ ውስጥ የሚስበው አየር እንጂ በቱቦው ጫፍ የሚወጣው አይደለም። በትንንሾቹ ማሽኖች ላይ የሚወጣው ከሚገባው ሁለት ሦስተኛ ቢሆን ጥሩ ነው።

ሌላም ምርጫ ነበር። ዘይት አልባው ቀላልና ርካሽ ነው፤ ድምፁ ግን ጎረቤት ያስቆጣል፣ ቀኑን ሙሉ ለሚሠራ ሰውም ዕድሜው አጭር ነው። ባለ ዘይቱ ከባድ ነው፣ ክትትልም ይፈልጋል፤ ለተከታተለው ግን ዓመታት ይሠራል። በሦስተኛ ደረጃ ከአሮጌ ጋዝ ሲሊንደር ተበይዶ የተሠራ፣ ዋጋው የሚያጓጓ አንድ ታንክ አሳዩኝ። የግፊት ማስተንፈሻ ቫልቩ የት እንዳለ ስጠይቅ መልስ አላገኘሁም። እጄን ሳላሳርፍበት ተመለስኩ። ታምቆ የተያዘ አየር ብረቱ ሲለቀው እንደ ፈንጂ ነው፤ ከጎኑ ደግሞ የሚቆመው የእህቴ ልጅ ነው።

ያን ዕለት ሳልገዛ ወደ ቤቴ ገባሁ። ማታ፣ ብሔራዊ ቴአትር አካባቢ ከመንገድ ዳር የገዛሁትን አሮጌ መጽሐፍ ገለጥኩ። ከመቶ ሰባና መቶ ሰማንያ ዓመት በፊት በአገራችን የተዘዋወሩ ሰዎችን የሚተርክ ነው። ከነሱ አንዱ አንትዋን ዳባዲ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1810 ደብሊን የተወለደ ፈረንሳዊ ሲሆን፣ ከወንድሙ ከአርኖ ጋር አሥር ዓመት ያህል ኢትዮጵያ ውስጥ ኖሯል። የብራና መጻሕፍት ሰብስቧል፣ የአማርኛ መዝገበ ቃላት አዘጋጅቷል፣ እ.ኤ.አ. በ1843 ደግሞ እስከ ቦንጋ ዘልቋል። ዋና ሥራው ግን አገር መለካት ነበር። የተራራ ከፍታ ከሚለካባቸው መንገዶች አንዱ ውሃ አፍልቶ በቴርሞሜትር ማየት ነው። ከፍታ ሲጨምር ከላይ የሚጫነው አየር ይሳሳል፤ አየሩ ሲሳሳ ውሃው ፈጥኖ ይፈላል። የሚፈላበት ሙቀት በየ300 ሜትሩ አንድ ዲግሪ ያህል ይቀንሳል።

መጽሐፉን አስቀምጬ ወረቀት አነሳሁ። ቦንጋ ከባሕር ጠለል በላይ 1 ሺህ 7 መቶ ሜትር ገደማ ላይ ያለች ከተማ ናት። ውሃ እዚያ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ94 ዲግሪ አካባቢ ነው። ይህ ማለት የካፋ ደጋ አየር ከባሕር ዳርቻው አየር ወደ አንድ አምስተኛ ይሳሳል። ኮምፕሬሰሩ በደቂቃ 200 ሊትር ቢስብም፣ ያ 200 ሊትር ውስጡ ያለው አየር 160 ሊትር የባሕር ዳር አየር ያህል ነው። ማሽኑን የሠሩት ሰዎች ለቆላውና ለባሕር ዳርቻው ለክተው ሰሌዳውን ጻፉ፤ ዋጫ ላይ ታንኩን ለመሙላት ማሽኑ ረዘም ላለ ጊዜ መልፋት አለበት። ሞተሩን የሚያቀዘቅዘውም ያው የሳሳው አየር ነው። ልጁ «ትንሿን» ያላት፣ ለዋጫ በእርግጥ ታንሳለች ማለት ነው።

በማግስቱ ከራሴ ጨምሬ ባለ ዘይቱን፣ ፓምፑ የሚበልጠውን ባለ 50 ሊትር ገዛሁ። የአየሩን መሳሳት ከሻጩ አልሰማሁትም፤ ሻጩም ሊነግረኝ ስላልፈለገ አይደለም፣ የት እንደሚሄድ አልጠየቀም። ነገሩን ያገኘሁት ስለ ኮምፕሬሰር አንድም ቃል ከሌለበት መጽሐፍ ነው። ማሽን የሚገዛ ሰው ማሽኑን ብቻ ሳይሆን ማሽኑ የሚተከልበትንም አገር ማንበብ አለበት።

ጥር ላይ ማሽኑ ወደ ሚዛን በሚሄድ የጭነት አይሱዙ ቀድሞኝ ሄደ፤ እኔ በአውቶቡስ ተከተልኩ። ወልቂጤን አልፈን ወደ ግቤ በረሃ ስንወርድ፣ አዲስ አበባ ጠጥቼ ክዳኑን ያጠበቅኩት ባዶ የውሃ ላስቲክ ቦርሳዬ ውስጥ ጭርር ብሎ ተጨማደደ። አወጣሁት። ማንም ሳይነካው ወገቡ ሰርጉዷል። ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ስለወረድን የግቤ ወፍራም አየር ከውጭ ጨምቆታል። ከጎኔ የተቀመጠች ተማሪ በመገረም አየችው። ክዳኑን ከፈትኩላት፤ ላስቲኩ እፍ ብሎ ተነፋ። የማይታየውን ነገር በእጃችን ይዘነው ነበር።

ጅማ አድሬ በማግስቱ ጎጀብን ተሻገርኩ። ከወንዙ ማዶ ካፋ ይጀምራል፤ መንገዱም ሽቅብ ይይዛል። ቦንጋ ስደርስ ጉም ገና ከዛፎቹ አልተነሳም ነበር። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2010 ያወቀው የካፋ ባዮስፌር ጥብቅ ስፍራ ሰፊ መሬት ይሸፍናል፤ በጫካው ውስጥ ቡና ማንም ሳይተክለው ይበቅላል። እንዲህ ያለ ጫካ ቀን ከሌት ውሃ ይተነፍሳል። አየሩን ስስበው የምናለሽ ተራው ሽማግሌ ቃል መጣብኝ፦ «ከአየሩ ነዋ።»

ቦንጋ ላይ ግማሽ ቀን ስቆይ ያሰብኩት ግን ስለ መጻሕፍት ነበር። ከዳባዲ በኋላ ጣሊያናዊው ሚሲዮናዊ አቡነ መሲያስ እ.ኤ.አ. ከ1859 እስከ 1861 ካፋ ተቀምጦ፣ በኋላ የሠላሳ አምስት ዓመት ትዝታውን በ12 ቅጽ በጣሊያንኛ ጻፈ። ኦስትሪያዊው ፍሪድሪክ ቢበር ወደ ካፋ የገባው የመጨረሻው ንጉሥ ታቶ ጋኪ ሸረቾ እ.ኤ.አ. በ1897 ከተማረኩ ከስምንት ዓመት በኋላ ነው። እሱም ያየውን በሁለት ትላልቅ ቅጾች እ.ኤ.አ. በ1920ና በ1923 በጀርመንኛ አሳተመ። አያቶች ሲናገሩ የነበረው ተጽፏል፤ የተጻፈው ግን የልጅ ልጆቻቸው በማያነቡት ቋንቋ ነው። ለዚህ ነው በቀለ ወልደማርያም የካፋን ሕዝቦችና መንግሥታት ታሪክ በአማርኛ መጻፋቸው እንደ ትልቅ ውለታ የሚታየኝ። ከዚያም በ2010 እ.ኤ.አ. የካፋን መንግሥት ታሪክ ከ1390 እስከ 1935 በእንግሊዝኛ አሳትመዋል። አንድ አገር ስለ ራሱ የተጻፈውን በሚያውቀው ቋንቋ ሲያነብ፣ የተወሰደበት ዕቃ ቤቱ እንደተመለሰለት ይቆጠራል።

ይህን ሐሳብ እያመላለስኩ የውሽውሽን የሻይ እርሻ አለፍኩ። ኮረብታው ሁሉ በእኩል የተከረከመ አረንጓዴ ነው። ከዚያ ጫካና የእንሰት ጓሮ እየተፈራረቁ ዋጫ ደረስኩ።

የእህቴ ልጅ በር ላይ ቆሞ ጠበቀኝ። ትከሻዬን ስሞ ወደ ውስጥ አስገባኝ። ኮምፕሬሰሩ ከካርቶኑ ወጥቶ መሃል ቤት ቆሟል፤ ሁለት የባጃጅ ሾፌሮች፣ አንድ ትንሽ ረዳቱና ጥቂት ጎረቤቶች ከበውታል። የኤሌክትሪክ መሰኪያው በእጁ ነው።

«አንተን ስጠብቅ ነው፣ ጋሼ። ልሰካው?»

«ቆይ» አልኩት። አይኔ ካርቶኑ ላይ አርፎ ነበር። ታችኛው ጎኑ በዘይት ርሷል። መንገድ ላይ ማሽኑ በጎኑ ተኝቶ፣ ጆንያ ተጭኖበት መጥቷል። መመሪያው ከካርቶኑ ጋር ሊጣል ተጠቅልሎ ነበር። አነሳሁት። በቻይንኛ፣ በእንግሊዝኛና በሌሎች ሁለት ቋንቋዎች ተጽፏል፤ በአማርኛ ግን አንድ መስመር የለበትም። አራተኛው ገጽ ላይ፣ ማሽኑን ከማስነሳትህ በፊት በፓምፑ ሆድ ላይ ባለችው ክብ መስተዋት ዘይቱን እይ፤ ከቀይዋ ነጥብ በታች ከሆነ አታስነሳ ይላል። ጎንበስ ብለን አየን። መስተዋቷ ባዶ ነበረች።

ልጁ መሰኪያውን ቀስ አድርጎ ወለሉ ላይ አስቀመጠው። ፒስተን ያለ ዘይት ብዙ አይቆይም፤ ከሲሊንደሩ ጋር ነክሶ ይቀራል። የሦስት ወር ቁጠባው በአንድ ጠቅታ ሊሄድ እንደነበር ለማንም መንገር አላስፈለገም። መመሪያው የሚጠይቀው የኮምፕሬሰር ዘይት ዋጫ ላይ ያን ዕለት አልተገኘም፤ አንድ ሾፌር ልከን ከቦንጋ በማግስቱ እንዲመጣ አደረግን።

በጠበቅንበት ከሰዓት በኋላ አንድ አዛውንት ጎረቤት ማሽኑን ዞር ዞር ብለው አዩት። ምን እንደሚሠራ ልጁ ነገራቸው፦ ፒስተኑ ሲወርድ አየር ይገባል፣ ሲወጣ መመለሻው ይዘጋል፣ አየሩ ወደ ታንኩ ይታመቃል፤ ታንኩ ሲሞላ ራሱ ይጠፋል።

«ወናፍ ነው እንግዲህ» አሉ። «ሲጠግብ ዝም የሚል ወናፍ።»

ከዚህ የተሻለ ማብራሪያ በአራቱም የመመሪያው ቋንቋዎች አላገኘሁም። የፍየል ቆዳ ሁለት ከረጢት፣ በአንዱ ሲጫኑ ሌላው እየሳበ፣ እሳቱ ላይ ትንፋሽ የማያቋርጥበት ጥበብ አያቶቻችን ያውቁት ነበር። ጦሩም፣ ማረሻውም የተወለደው ከዚያ ትንፋሽ ነው። ወናፉን የሚነፋውን ሰው ግን ማኅበረሰባችን አላከበረውም። ጠይብ፣ ቡዳ እያለ ከማዕዱ አራቀው። አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሙያው መስደብን የሚከለክል አዋጅ እስከ ማውጣት የደረሱት ነገሩ አገር የሚጎዳ በሽታ ሆኖ ስለታያቸው ነው። በሽታው ዛሬም ፈጽሞ አልለቀቀንም። የእህቴ ልጅ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሶ ጎማ ሲፈታ «ተምሮ ተምሮ» ያሉት ነበሩ። እኔ ግን ያን ቀን እጁ በግሪስ ጠቁሮ፣ መመሪያውን በጉልበቱ ላይ ዘርግቶ፣ የማያውቀውን ቃል እየጠየቀኝ ሲያነብ አየሁት። ትምህርቱ የትም አልሄደም፤ እዚያው ጎማው አጠገብ ነበር።

ዘይቱ መጣ። እስከ ቀይዋ ነጥብ ሞላን። መመሪያው እንዳዘዘው መጀመሪያ የአየር መውጫውን ከፍተን ያለ ጫና ግማሽ ሰዓት አስኬድነው። አንድ ሾፌር የቤቱ ሶኬት ሩቅ ስለሆነ ቀጭን የማስረዘሚያ ገመድ ይዞ መጣ። ሞተር ሲነሳ የሚስበው ኤሌክትሪክ በሥራ ላይ ሳለ ከሚስበው ብዙ እጥፍ ነው። ገመዱ ረጅምና ቀጭን ሲሆን ቮልቱ መንገድ ላይ ይወድቃል፤ ሞተሩ እያቃሰተ ይግላል። ስለዚህ ማሽኑን ሶኬቱ ጎን አቁመን የአየር ቱቦውን አስረዘምን። «ገመዱን ሳይሆን ቱቦውን» የምትለዋ ቃል በዚያ ቀን የቤቱ ሕግ ሆነች።

የመጀመሪያው ባጃጅ ገባ። ከዚያ ሁለተኛው። ከመነዳሪው እስትንፋሱን ሲወስድ ልጁ ክንዱን አጣጥፎ ቆሞ ያዳምጥ ነበር፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ሌላ ነገር ሲሠራለት እሱ የቆመበት ሰዓት ነው።

ማታ ሥራ ሲያበቃ ታንኩን አስተነፈስነው። ታች፣ ከሆዱ ሥር ያለችውን ቡሎን ፈታ አደረግናት። መጀመሪያ አየር ጮኸ፤ ቀጥሎ ወተት የመሰለ ውሃ ተንጠባጠበ። ረዳቱ ሮጦ የቡና ስኒ አመጣና ከሥሩ ያዘ። ሞላ። የዋጫ አየር እርጥብ ነው፤ ሲታመቅ እንፋሎቱ ቦታ ያጣና ወደ ውሃነቱ ይመለሳል። ይህ ውሃ በየማታው ካልወጣ ብረቱን ከውስጥ ይበላዋል። ሦስታችንም ስኒውን ዝም ብለን አየነው። ከደጅ የቤቱ ባለቤት ጀበና ከሰል ላይ ገንፍሎ ይጮሃል። የዳባዲ ቴርሞሜትር እዚያ ቢነከር ከ94 ብዙ የማይርቅ ቁጥር ያሳይ ነበር። ጀበናውም፣ ታንኩም የሚናገሩት ስለ አንድ አየር ነው።

ከመመለሴ በፊት አንድ ወረቀት ላይ በትልልቅ ፊደል ጻፍኩ፦ ዘይት በየጠዋቱ እይ። ውሃ በየማታው አውጣ። ገመዱን ሳይሆን ቱቦውን አርዝም። የማስተንፈሻ ቫልቩን አትንካ። ግፊቱን ሳታወርድ ምንም ነገር አትፍታ። ረዳቱ፣ የስምንተኛ ክፍል ተማሪ ነው፣ ከእያንዳንዱ መስመር ሥር በካፋ ቋንቋ፣ በካፊኖኖ ደገመው። ግድግዳው ላይ ሰቀልነው። ያቺን ወረቀት ለመጻፍ ግማሽ ሰዓት አልፈጀብንም። በወደብ በኩል በሺህ የሚገቡ ማሽኖች ውስጥ አስመጪዎች እንዲህ ያለች አንዲት ገጽ ቢጨምሩ ስንት ሰው ላቡን ባተረፈ! ማሽን አስመጥተን ንባቡን ውጭ አገር መተው የለብንም።

በሚያዝያ ስልክ ደወለልኝ። ስለ ገበያ ይነግረኛል ብዬ ነበር።

«ጋሼ፣ ስኒው ጨምሯል» አለኝ። «በየካቲት በቀን አንድ ስኒ ነበር የሚወጣው። ዝናብ ከገባ ወዲህ አንድ ተኩል ሆኗል። ሥራው ያው ነው፣ ውሃው ነው የጨመረው። ደብተር ላይ እየጻፍኩት ነው።»

«ቀኑንም ጻፈው» አልኩት።

«ቀኑንም፣ ጉም የነበረበትንም እጽፋለሁ» አለኝ።